የጳጉሜን ውሃ

«አራስ ልጇን በደረቅ አስተኝታ፣ ታንከሯን ታስቀድሳለች።»

ፋንታዬ ይህን የሰማችው ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ደጇን ልትጠርግ ጎንበስ እንዳለች ነው። ድምፁ የጎረቤቷ የገበያነሽ ነበር። ገበያነሽ ሹክሹክታ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ቢጫ ጀሪካኗን አዝላ ከሌላ ሴት ጋር ወደ ወንዝ ስትወርድ የተናገረችው ቃል በባሕር ዛፉ አጥር መሐል ሾልኮ ግልጽ ብሎ ገባ። አብራት የምትሄደው ሴት «ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አለቻት። «ትስማ! ከሰማች ትክፈተው» አለች ገበያነሽ። ከዚያ የሁለቱም የፕላስቲክ ጫማ ድምፅ ቁልቁል እየራቀ ሄደ። ፋንታዬ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀና አለች። ብትቆጣ ደስ ባላት፤ ግን ቁጣው አልመጣላትም። የተባለው ነገር ውሸት አልነበረም።

ታንከሩ ከቤቱ ቀኝ ማዕዘን፣ ከድንጋይና ከሲሚንቶ በተሠራ መደብ ላይ ቆሟል፤ ጥቁር፣ ሆዳም፣ ከእሷ ቁመት የሚበልጥ። የቧንቧውን እጀታ በሽቦ ጠምዝዛ በትንሽ የሻንጣ ቁልፍ ዘግታዋለች፤ መክፈቻው ከአንገቷ ማተብ ጋር ተንጠልጥሏል። ከቧንቧው በላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ የተጠቀለለ የቅዱስ ሩፋኤል ሥዕል በምስማር ተመቷል። በጣቷ ስታንኳኳው ታንከሩ እንደ ድንጋይ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። መጋቢት ገብቷል። የውሃው ሞተር ተቃጠለ ከተባለ ሁለተኛው ሳምንት ተጋምሷል፤ ደባርቅ ውስጥ ጠብ የሚል ቧንቧ የለም። አህያ ጭኖ የሚመጣው የወንዝ ውሃ አንዱ ጀሪካን ሃያ ብር ገብቷል፤ እሱም ደፍርሶ፣ ያውም ከተገኘ። ይህ ታንከር ግን ከጳጉሜን ጀምሮ እስከ አፉ እንደሞላ ነው።

ታንከሩን የገዛችላት፣ ዳባት የምታስተምረው ልጇ እስከዳር ናት። ፋንታዬ ከትምህርት ቤት የጽዳት ሥራዋ ጡረታ በወጣች ዓመት፣ እስከዳርና ሾፌሩ ባሏ ደምለው ከጎንደር በአይሱዙ ጭነው አምጥተው ግቢው ውስጥ ሲያወርዱት፣ «ይህን የሚያህል ዕቃ የገዛችሁት ዝናብ ልታስቀምጡበት ነው? ዝናብማ በየዓመቱ ይመጣል» ብላ ስቃባቸው ነበር። ዕድሜ ልኳን የመማሪያ ክፍል ወለል ስታጥብ፣ ውሃ በባልዲ ስታመላልስ ወገቧ የጎበጠ ሴት ናት፤ ውሃ ማለት ከሩቅ የሚመጣ ሸክም ነው ለእሷ። በመጀመሪያው በጋ ግን ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ሲሰለፍ፣ እሷ ከበሯ ሥር ቧንቧ ከፍታ ፊቷን ስትታጠብ፣ ብቻዋን ቆማ ሳቀች። ልብሷን በግቢዋ አጠበች። ከአጥሩ ሥር ጎመን ተከለች። የዝናቡ ውሃ ሳሙና አያባክንም፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያንን ነጭ ቅርፊት አይተውም፣ ባቄላ ሲቀቅሉበት ቶሎ ይበስላል። ለገበያነሽም፣ ለታመመም፣ ተዝካር ላለበትም እየቀዳች ሰጠች፤ ሰውም «እግዜር ይስጥሽ» እያለ ወሰደ። አሸንዳውን የገጠመላት ቆርቆሮ ሠሪው ገዱ፣ «እትዬ፣ የሰኔን ዝናብ አይመኙት፤ ጣሪያዎን ይጠብልዎትና ይሂድ። ሐምሌና ነሐሴን እንዳሻዎ ይጠቀሙ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አጥበውት፣ የመጨረሻውን ንጹሕ ዝናብ ለበጋ ይያዙ» ብሏት ስለነበር፣ በየዓመቱ የነሐሴ መጨረሻ ላይ ታንከሩን አንጠፍጥፋ ታጥባለች። ባለፈው ክረምት ግን ለቅሶ በዛባትና ያጠበችው ጳጉሜን ሁለት ነው። በማግስቱ ሩፋኤል ነበር።

የጳጉሜን ሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። የዚያን ቀን ሰማይ ይከፈታል ተብሎ፣ ሲዘንብ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይጨፍራሉ፤ ሴቶች በየዕቃቸው ተቀብለው ከቡሖው ላይ ጠብ ያደርጋሉ። ያን ዕለት ጠዋት ፋንታዬ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ደምለው ከዳባት ደወለላት። እስከዳር ሦስተኛ ወሯን መያዟን ነገራት፤ ድምፁ የሚፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሦስተኛው ወር፣ ጨንግፎባታል። ሁለቱንም ጊዜ እናቷ ቤት መጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ሰንብታ፣ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ሄዳለች። ፋንታዬም ምንም አላለቻትም። ምን እንደሚባል አታውቅም ነበር፤ አጥሚት ሠርታ አጠገቧ ታስቀምጥና ትወጣለች። ስለዚህ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ነጠላዋን ጥላ ግቢው መሐል ቆመች። ዝናቡ እንደ ጠጠር ወረደባት። «ቅዱስ ሩፋኤል፣ ይህችን አጽናልኝ» አለች። ባዶው ታንከር ከጀርባዋ መጀመሪያ እንደ ከበሮ ሲጮኽ፣ ከዚያ ድምፁ እየወፈረ፣ እየደፈነ ሲሄድ ትሰማዋለች። «አጽናልኝና፣ ዛሬ የሰጠኸኝን ውሃ ለክብርህ እንጂ ለተራ ነገር አላውለውም።» ሲመሽ ታንከሩ ሞልቶ በአናቱ ይፈስ ነበር። በነጋታው ሌላ ዝናብ እንዳይቀላቀልበት ቱቦውን ከአሸንዳው ነቀለችው። የመስከረም ዝናብ ሁሉ እንዲያው መሬት ላይ ፈሶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ታንከሩ የሚከፈተው ለበሽተኛ በብርጭቆ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ስለቱን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሰው የምትለው «የሩፋኤል ጠበል ነው» ብቻ ነው።

አሁን ሕፃኗ ተወልዳለች። ሴት ናት፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እስከዳር የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ከዳባት መጥታ፣ ሐኪም ቤት በሰላም ተገላግላ፣ ሰማያዊ ቀለም በተቀባው ክፍል ውስጥ በእናቷ አልጋ ላይ ተኝታለች። ክፍሉ ይሞቃል፤ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኖ ጥግ ይዟል። ከአልጋው ሥር ክዳን የተደፋበት ሳፋ አለ። በሳፋው ውስጥ ያሉት የእስከዳር ጨርቆችና የሕፃኗ መጠቅለያዎች ናቸው፤ ትናንት የአህያው ሰውዬ ስላልመጣ ሳይታጠቡ ውለው አድረዋል። ነርሷ ስፌቷን እያሳየች «ከምንም በላይ ንጽሕና» ብላ አስጠንቅቃ ነው የላከቻቸው። ትናንት ማታ የእስከዳር ግንባር ትንሽ ሞቅ ብሎ ነበር። ፋንታዬ በእጇ ጀርባ ነክታው፣ የነካችበትን ምክንያት ሳትናገር ብርድ ልብሱን አስተካክላ ወጣች።

ጠዋት የመጨረሻውን የተጣራ ውሃ አፍልታ አጥሚት ይዛ ስትገባ፣ እስከዳር ሕፃኗን እያጠባች በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ግቢው ትመለከት ነበር። ከዚያ ቀዳዳ የሚታየው የታንከሩ ጎን ነው። ፋንታዬ ልጇ አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። «እኔ እኮ ነኝ የገዛሁልሽ» የምትላት መሰላት። እስከዳር ግን አጥሚቱን ተቀብላ ፉት አለችና «ጥሩ ነው» አለች።

«ማር ልጨምርበት?»

«ይበቃል።»

«ደምለው ዛሬ ይደርሳል አይደል?»

«ከአዲ አርቃይ ሁለት በርሜል ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ማታ ደውሏል።»

«እሰይ። እንግዲያማ ምን አስቸኮለን።»

«ምንም» አለች እስከዳር፤ ወደ ሕፃኗም ጎንበስ አለች።

ደምለው ግን አልደረሰም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ስልኩ ጮኸ። ሊማሊሞ ላይ ተሳቢ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ከላይም ከታችም መኪናው ተሰልፏል፤ መንገዱ እስኪከፈት ምናልባት ነገ፣ ምናልባትም ከነገ ወዲያ። እስከዳር «አይዞህ፣ ውሃ አለን» ብላው ስልኩን ዘጋች። ይህ ቃል ከገበያነሽ ስድብ ይልቅ ፋንታዬን ከተቀመጠችበት አስነሣት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ «አባ ዘንድ ደርሼ ልምጣ፤ የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ የጎረቤቱን ልጅ ጥሪው» ብላ ወጣች። የምትፈራው ሰውን አልነበረም። የምትፈራው የተሰጣት ልጅ መልሳ እንዳትወሰድባት ነው። ስለት ያፈረሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ አድጋለች፤ አሁን ያቺ ቀይ፣ ፊቷ የተጨማደደ፣ ስም እንኳ ያልወጣላት ሕፃን አያቷ ባፈረሰችው ቃል ምክንያት አንድ ነገር ብትሆንባትስ? በሌላ በኩል የእስከዳር ግንባር አለ። በመንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ይሏታል፤ እሷም እየሳቀች እጅ ትነሣለች፤ ከዚያ የሳቀው ፊቷ ቶሎ ይጠቁራል። የውሃው ቦኖ ጋ ባዶ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው ባለቤቶቻቸውን ወክለው ተሰልፈዋል፤ ሞተሩ ድንገት ቢሠራ ተብሎ።

የንስሐ አባቷን አባ ሀብተ ሚካኤልን ከቅጽሩ ውስጥ፣ የጾሙ ቅዳሴ እስኪደርስ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመች። «ወለተ ማርያም» አሏት በክርስትና ስሟ፤ «አራሷ እንዴት ሰነበተች?» ፋንታዬ ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ ከጳጉሜን ጀምሮ ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ፣ እስከ ሳፋው ድረስ ነገረቻቸው። አባ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሟት። ጨርሳ ስታበቃ ዳዊታቸውን ዘጉት።

«ስለት ነዋ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎን አባቴ።»

«ስለት ደግሞ ስለት ነው።»

«እሱንማ አውቄ ነው የመጣሁ።»

«የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። ጠበል ይጠጣል፣ ይረጫል። የደም ጨርቅ ታጠበበት ሲባል ሰው ምን ይለኛል? ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ሌላዋ መጥታ…»

«እንግዲያው ከለከሉኝ?»

«አልከለከልሁሽም።»

«ፈቀዱልኝ?»

«አልፈቀድሁልሽም።»

ፋንታዬ ወደ ፊታቸው ትኩር ብላ አየች። «ታዲያ ምን አሉኝ አባቴ?»

«ነገሩ በአንቺና በመልአኩ መካከል ነው። ከእሱ ጋር ተነጋገሪ» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ። መስቀል ተሳልማ ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ግን ከኋላዋ ጠሯት። «ወለተ ማርያም! የቀዳነው ውሃ ደፍርሶ ለቅዳሴው ተቸግረናል። ከዚያ ከሩፋኤል አንድ ጀሪካን ብትልኪልን፣ ለኅብስቱ…»

«ለዚህስ ተፈቅዷል?»

«ለክብር አይደል ያልሽው!» አሉ አባ፤ ግን ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ላይ አላነሡም።

እየተናደደች ይሁን ሳቋ እየመጣ፣ ራሷም ሳታውቀው ተመለሰች። ቤቷ ስትደርስ መጋረጃው ተገልጧል። እስከዳር አልጋው ላይ የለችም። ከአልጋው ሥር ተጎትቶ በወጣው ሳፋ ላይ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላለች። ጠዋት ሕፃኗ የታጠበችበትን፣ ቀዝቅዞ ሳሙናው ነጭ የሆነውን ጥቂት ውሃ ጨርቆቹ ላይ አፍስሳ ታሻለች። ውሃው ወዲያው ጠቁሮ፣ ጨርቁ የበለጠ ቆሽሿል። ፊቷ ወዝቷል። ቀና ስትል ስፌቷ ያዛትና ከንፈሯን ነከሰች፤ እናቷን ስታይ ግን ለማስመሰል «ትንሽ ልንቀሳቀስ ብዬ ነው» አለች። ፋንታዬ ብብቷን ይዛ ወደ አልጋው መለሰቻት። ግንባሯን ነካችው። እንደ ማታው ሞቅ ብሏል፤ አልባሰም፣ አልበረደምም። ከዚያ እግርጌዋ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መሬቱ እያየች ነገረቻት፤ ሁለቱ ስለጨነገፉ መፍራቷን፣ በዝናብ መሐል መቆሟን፣ ደምለው መደወሉን፣ «አጽናልኝ» ማለቷን፣ ታንከሩ ከጀርባዋ ሲሞላ መስማቷን። እስከዳር እናቷ የእነዚያን የሁለቱን ጊዜ ነገር በአፏ ስታነሣ ከተወለደች ገና አሁን መስማቷ ነው።

«ዳባትም ይዘንብ ነበር» አለች እስከዳር፣ እናቷ ስትጨርስ። «የዚያን ቀን ማታ ደም አይቼ ነበር፣ እማዬ።»

ፋንታዬ ራሷን ቀና አደረገች። «በሩፋኤል?»

«በሩፋኤል። ለደምለው አልነገርሁትም። ለማን ልንገር? ሦስተኛው ነው ብዬ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ተኛሁ። የቆርቆሮውን ድምፅ እያዳመጥሁ። ጠዋት ደሙ ቆሟል።»

ሕፃኗ በእንቅልፏ አፏን አንዴ አንቀሳቀሰችና ተወችው። ፋንታዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ አፍንጫዋን። እስከዳር እናቷን እያየች፣ ቀስ እያለ፣ ከከንፈሯ ጥግ የጀመረ ፈገግታ መጣባት።

«አባ ምን አሉሽ?»

«ምን ይላሉ! አልከለከልሁሽም፣ አልፈቀድሁልሽም።»

«እኔ የምለው» አለች እስከዳር፣ «ሩፋኤል ማሕፀን ፈቺው መልአክ አይደለም እንዴ? ማሕፀን ሲፈታ ምን ምን እንደሚወጣ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?»

«ውይ አንቺ! አፍሽን ያዢ!» አለች ፋንታዬ፤ አማተበችም። ካማተበች በኋላ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቁን በነጠላዋ ብታፍነው በአፍንጫዋ ወጣ። እስከዳርም «እንዳታስቂኝ፣ ስፌቱ!» እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ሁለቱም አያስታውሱም።

ፋንታዬ ወጥታ ታንከሩ ፊት ቆመች። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ሥዕል በፀሐይ ትንሽ ደብዝዟል። እንደ ጸሎት ሳይሆን፣ ለሚያውቃት ሰው ነገር እንደምታስረዳ ሆና ተናገረች። «ያጸናሃት አንተ ነህ። ያዋለድካትም አንተ። ክብርህ ይህ ካልሆነ እኔ ሌላ ክብር ከየት ፈልጌ ላምጣልህ? ቅር ካለህ እኔን ጠይቀኝ፤ እነሱን ተው።» ከማተቧ መክፈቻውን አውጥታ ቁልፉን ፈታች፤ ሽቦውን ነቀለች፤ እጀታውን አዞረች። መጀመሪያ ቧንቧው አየር ተፋ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ብርጭቆ የመሰለ፣ ከስድስት ወር ጨለማ የወጣ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ። በመዳፏ ተቀብላ ጠጣችው። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። «ተመስገን» አለች። ለእግዜር አለች፤ ለገዱም፣ ለደምለውም፣ እየተሳቀባት ታንከሩን ላመጣችላት ልጇም፤ ሁሉም በአንድ ቃል ውስጥ ነበሩ።

መጀመሪያ ድስት ሙሉ አፍልታ እስከዳርን አጠበቻት፤ ሕፃኗን አጠበቻት። ከዚያ ሳፋውን ግቢው ውስጥ አውጥታ እግሮቿን ዘርግታ ተቀመጠች። የዕድሜ ልክ ሥራዋ ማጠብ ነው፤ እጇ ያውቀዋል። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ አይለቅም። አንዴ ነከረች፣ አፈሰሰች፤ ደግማ ነከረች። የታጠበበትን ውሃ ግን ወደ ቦዩ አልደፋችውም፤ የጠበል ውሃ እግር አይረግጠውም። ሳፋው በሞላ ቁጥር ተሸክማ ከጓሮ፣ ሰው ከማያልፍበት፣ ከትንሿ የኮሶ ችግኝ ሥር ቀስ አድርጋ ታፈሳለች፤ አፈሩም ከስንት ወር በኋላ ያገኘውን ይጠጣል። ሦስተኛው ውሃ ላይ ጨርቆቹ ነጡ። ገመዱ ላይ ስትሰጣቸው፣ ከአሮጌ ነጠላዋ የተቀደዱት መጠቅለያዎች በነፋሱ ተገለባበጡ፤ ግቢው የሰው ቤት መሰለ።

ገበያነሽ ወረፋ ስትጠብቅ ቆይታ ከወንዝ ስትመለስ ጀሪካኗ እስከ ግማሹ እንኳ አልደረሰም። ፋንታዬ በሩን ከፍታ ጠራቻት። «ገበያነሽ! ያንን ጭቃ ድፊና ነይ፣ ቅጂ።»

«የቱን?» አለች ገበያነሽ ቆማ።

«ጠዋት ‹ትክፈተው› ስትዪ አልነበር? ተከፈተ።»

ገበያነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትሁት! እትዬ ፋንታ፣ ሰማሽኝ እንዴ?»

«ሊማሊሞ ላይ የቆሙት ሾፌሮች ሁሉ ሰምተውሻል።»

«እኔ እኮ ለአራሷ አዝኜ…»

«አውቃለሁ። ትክክል ነሽ። በይ ቅጂ፤ ለመጠጥ፣ ለልጆችሽ። ብቻ የተጣጠብሽበትን መንገድ ላይ አትድፊው።»

ወሬው ከገበያነሽ እግር ቀድሞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ሴቶች አንድ አንድ ጀሪካን ይዘው እየመጡ፣ ሥዕሉን ተሳልመው፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብለው ይቀዳሉ። ቧንቧው ሥር ማንም አልተጋፋም፤ አንዷ የሌላዋን ጀሪካን ታቀናላታለች፤ አንዷ ገንፎ፣ አንዷ በሶ ይዛ መጥታ ወደ ውስጥ ታቀብላለች። አንድ ጀሪካንም ለአባ ሄደ። ፋንታዬ በየመሐሉ ታንከሩን በጣቷ ታንኳኳለች፤ ድፍኑ ድምፅ ከአናቱ እየወረደ፣ ከላይ ባዶ እየሆነ ይሄዳል። ይህ ያስፈራኛል ብላ ነበር፤ አላስፈራትም። ደመና የሌለበትን ሰማይ አየች። ያም ሆኖ መሰላሉን አቁማ ወጥታ፣ በጳጉሜን የነቀለችውን ቱቦ ከአሸንዳው ጋር መልሳ ገጠመችው። በመጋቢትም ቢሆን አንዳንዴ ይጥላል።

ሲመሻሽ ሰው አለቀ። የእስከዳር ግንባር ቀዝቅዟል፤ ሁለት ሳህን ገንፎ በልታለች። አራስ ውጭ አትወጣምና፣ ከበሩ ውስጥ፣ በከፊል ከተገለጠው መጋረጃ ጀርባ፣ ሕፃኗን ታቅፋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፋንታዬ ለነገ ጠዋት የሚሆነውን ማድጋ ቧንቧው ሥር አስጠግታ ውሃውን በቀጭኑ ለቃዋለች። ውሃው ማድጋው ውስጥ ሲወርድ ይጮኻል።

«እማዬ» አለች እስከዳር።

«እ?»

«የመጀመሪያው ጊዜ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ። ልጆቹ ሁሉ…»

ድምፅዋ ዝቅ እያለ ሄደ። ፋንታዬ ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ዘጋችው፤ የውሃው ጩኸት የልጇን ቃል እንዳይሸፍንባት።